የባቡሩ ሠራተኞች መቃብር በአንድ ቀን ዘመቻ አይጽዳ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

ድሬዳዋ

በከተማችን ያለውን የድሮ የውጭ ዜጎችና የምድር ባቡር ሠራተኞች መቃብር እናጽዳው የሚል ሐሳብ በወጣቶችና በዕድሮች ዘንድ ሲነሳ እንሰማለን። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። ይህን የምንጽፈው ከሐሳቡ ጋር አብሮ የሚነገረው አሠራር ስላሳሰበን ነው። አንድ ቅዳሜ ብዙ ሰው ይወጣል፣ ቁጥቋጦው ይቃጠላል፣ ድንጋዩ በበረኪና ይታጠባል፣ የወደቀው በሲሚንቶ ይቆማል፣ በመጨረሻም ሁሉም ነጭ ቀለም ይቀባል። ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች ነንና በዚህ መንገድ የሚሠራ ሥራ በአንድ ቀን የሚያጠፋው ነገር የብዙ ዓመት ቸልታ ካጠፋው እንደሚበልጥ ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም።

እዚያ የተኙት እነማን እንደሆኑ ማስታወስ ይገባል። ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ በታኅሣሥ 1895 እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት አስቸጋሪና ውድ ሆኖ በመገኘቱ ጣቢያው ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ቀጠለ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ ፈረንሳዩ፣ አርመኑ፣ ከየመን የተሻገረው ዐረብ፣ ኢሳው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ከደጋ የወረደው አማራና ጉራጌ በዚህች ከተማ የተገናኙት በዚያ ሐዲድ ምክንያት ነው። የባቡሩን ሠፈር ከዚራን የሠራ ሰው ከከዚራ ብዙም ሳይርቅ ተቀብሯል።

ለምን ባለቤት አጣ? ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ሥራው ሲቀንስ ልጆች ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አቴንስ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የቀሩትም አብዛኞቹ ወጡ። የድሮው ባቡር ቆመ፤ አዲሱ መስመርም በሌላ መንገድና በሌላ ጣቢያ አለፈ። በመጋቢት 1933 ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ በነበረው ጦርነት የሞቱትን ወታደሮች የሚመለከት የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን የሚባል ተቋም አለ፤ ለጄኔራሉም ለተራው ወታደርም እኩል ቁመት ያለው ድንጋይ ያቆማል፤ በሐረርም የሚጠብቀው መቃብር አለ። ለሐዲድ ዘርጊው ግን እንዲህ ያለ ኮሚሽን የለውም። ቀባሪው ዕድር ነበር፤ ዕድሩ ሲበተን መቃብሩም አብሮ ተበተነ።

ይህ የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተሞች የካርፓቶ ሩሲን ስደተኞች መቃብሮች አሉ። እነዚህ ሰዎች በያኔው የኦስትሪያና ሀንጋሪ ግዛት ከካርፓቲያ ተራሮች ወርደው የተሰደዱ፣ በምሥራቃዊ ሥርዓት የሚጸልዩ፣ በድሮው የዩልዮስ ቀመር ገናን እንደ እኛው በታኅሣሥ መጨረሻ የሚያከብሩ ናቸው። በታኅሣሥ 1900 ዓ.ም. ዳር በሚባለው የከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ 239 ሰዎች ሞቱ። ዕለቱ በዩልዮስ ቀመር የቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ስለነበረ ቤተ ክርስቲያን የሄዱ ብዙ ሩሲኖች ከሞት ተረፉ። ከሟቾቹ 71ዱ በአንድ መቃብር ተቀበሩ፤ 49ኙ እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው ክፍለ አገር የሳስኳሃና ወንዝ ኖክስ ወደሚባለው ጉድጓድ ገብቶ 12 ሰው ገደለ፤ በአካባቢው የጥልቅ ጉድጓዱ ሥራ ከዚያ በኋላ አላገገመም፣ ወጣቱም ወደ ሌላ ከተማ ፈለሰ። ከሰል ሲያልቅ ሰው ይሄዳል፣ ባቡር ሲቆም ሰው ይሄዳል፤ መቃብር ግን ተከትሎ አይሄድም። 49ኙን ስም አልባ ያደረጋቸው እሳቱ ነው፤ የእኛዎቹን ግን ስም አልባ የምናደርጋቸው በገዛ ብሩሻችን እንዳይሆን እንሰጋለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት አይደለም፤ መመዝገብ ነው። አንድም ቅጠል ሳይቆረጥ ግቢው በሲባጎና በችካል 5 ሜትር በ5 ሜትር ይከፈል። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ፊደል ይሰጠው፣ በውስጡ ያለው መቃብር ሁሉ ቁጥር ይያዝ። ቁጥሩ ድንጋዩ ላይ በቀለም አይጻፍ፤ ከድንጋዩ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሚተከል ትንሽ ችካል ላይ በቆርቆሮ ይታሰር። ለአንድ መቃብር ቢያንስ አራት ፎቶ ያስፈልጋል፦ ከነአካባቢው፣ ሙሉው ድንጋይ ከፊት፣ ጽሑፉ ብቻ በቅርብ፣ ድንጋዩ ከመሬት የሚገናኝበት እግሩ። በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርቶንና አንድ የተዘረጋ ሜትር ይግባ። በወረቀት የሚጻፈው በእርሳስ ይሁን፤ በድሬ ሙቀት የእስክሪብቶ ቀለም በላብ ይፈሳል። አንድ ሰው ሲያነብ ሌላው ይጻፍ፤ አንባቢና ጸሐፊ አንድ ሰው ሲሆን ዓይን ያሰበውን እንጂ ያየውን አይጽፍም።

ፊደሉን ለማንበብ ጠመኔ ወይም ዱቄት የሚቀቡ አሉ። ይህ መቅረት አለበት። ጠመኔው በድንጋዩ ቀዳዳ ይቀራል፣ ዱቄቱ ሻጋታ ይጠራል፣ ማሸቱ ደግሞ ቀድሞ የለሰለሰውን የፊደል ጠርዝ ይወስዳል። የጠፋ ጽሑፍ የሚነበበው በብርሃን ነው። ብርሃኑ ከፊት ሲመታው ፊቱ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ከጎን ወይም ከላይ ጠርጎ ሲያልፍ ግን ጉድጓዶቹ ጥላ ይይዛሉ። ወደ ምሥራቅ የዞረ ድንጋይ የሚነበበው በማለዳ ሳይሆን ወደ 5 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ወደ ምዕራብ የዞረው ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ። ወደ ሰሜን የዞረ ድንጋይ ከመስከረም እስከ የካቲት ፀሐይ አያገኝም፤ በዚያ ወቅት 40 በ60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የግድግዳ መስታወት ይዞ ከጎን ብርሃኑን መወርወር ነው። ከመስታወት ሌላ ወጪ የለውም፤ ከሁሉም መሣሪያ የላቀ ውጤት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። የግሪኩ «ሮ» ከላቲኑ «ፔ» ጋር በመልክ አንድ ነው፤ የግሪኩ «ኢታ» የላቲኑን «ኤች» ይመስላል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ልጅ ስሙን በቅንነት አበላሽቶ ይጽፋል። የማይታወቅ ፊደል እንደ ሥዕል በቅርጹ ይገልበጥ፤ ትርጉሙ ለሚያውቅ ሰው ይተው። መክፈቻው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ስለሆነ ቋንቋውን ለመለየት ይረዳል፤ ግሪኩ «ኤንታዴ ኪቴ» ይላል፣ ፈረንሳዩ «ኢሲ ረፖዝ»፣ ጣሊያኑ «ኲ ሪፖዛ»፤ ሁሉም «እዚህ ዐርፏል» ማለት ነው። አርመንኛው የራሱ ፊደል አለው። የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። ግሪክ የጎርጎርዮስን ቀመር የተቀበለችው በእነሱ አቆጣጠር በ1923 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ የግሪክ ድንጋይ ከፈረንሳዩ 13 ቀን ወደ ኋላ ሊል ይችላል። በአማርኛ የተጻፈው ደግሞ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። ማንም ሰው «አስተካክዬ» ብሎ አይጻፍ፤ ድንጋዩ ላይ ያለው እንዳለ ይስፈር፣ የየትኛው ቀመር እንደሚመስል በጎኑ ይጻፍ።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበን ላይ ደርሰናል፤ ጽሑፍ የሌለው ድንጋይ። እብነ በረድ ያቆመው ኃላፊው፣ ነጋዴው፣ ሐኪሙ ነው። ቀን ሠራተኛው የወንዝ ድንጋይ፣ የእንጨት መስቀል፣ ወይም በሲሚንቶ ላይ በምስማር የተጫረ ስም ነው ያገኘው። የሙስሊሙ መቃብር ብዙ ጊዜ ራስጌና ግርጌ የቆሙ ሁለት ያልተጠረቡ ድንጋዮች ብቻ ናቸው። በዘመቻ ቀን በባሬላ ተጭኖ ከግቢ የሚወጣው «የተበታተነ ድንጋይ» ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ከተነሳ ማንም አይመልሰውም፤ ከሥሩ ያለው ሰው ሁለተኛ ጠፋ ማለት ነው። በአቅጣጫ እለያለሁ ማለትም አያዋጣም። በድሬዳዋ ሙስሊሙ ሟች ፊቱን የሚያዞርበት ቂብላ ወደ ሰሜን ስለሆነ የሙስሊሙ መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ የክርስቲያኑም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሕጉ አንድና ቀላል ይሁን፤ ከእጅ ጭብጥ የበለጠ ድንጋይ ሁሉ ተቆጥሮ በፎቶ ሳይያዝ ከቦታው አይንቀሳቀስ። በጥንድ የቆሙ፣ ወይም ሞላላ ክብ የሠሩ ድንጋዮች ምንም ጽሑፍ ባይኖራቸው መቃብር ናቸው ተብሎ ይያዝ። የሠፈሩ ሽማግሌዎችና ሼኮች ከቄሶቹ እኩል በመጀመሪያው ቀን ይጠሩ፤ ከተጨረሰ በኋላ ለምረቃ መጥራት አይጠቅምም።

ወደ አረሙ እንለፍ። ሁለት ጠላት አለ፤ ሁለቱ በተለያየ ዘዴ ነው የሚሸነፉት። አንደኛው ፕሮሶፒስ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው፤ እሾሁ የጫማ ሶል ይበሳል፣ ሥሩ በጣም ጥልቅ ነው። ከመሬት በላይ ቢቆረጥ ከጉቶው ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ከበፊቱ ይበረታል። ቡቃያው የሚወጣው ከአፈሩ ጥቂት በታች ካለው የግንዱ አንገት ስለሆነ አፈሩን ገልጦ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቁረጥ ነው። መቃብር ላይ የበቀለውን ግን መንቀል አይቻልም፤ ሥሩ ሲሳብ ድንጋዩን ያነሳል፣ የታችኛውንም ይረብሻል። እሱ በመጋዝ ዝቅ ብሎ ይቆረጥ፣ አዲሱ ቡቃያ በየ3 ሳምንቱ በእጅ ይቀጠፍ፤ ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ጉቶው ይደክማል። ፍየል ልቀቁበት የሚለውን ምክር አትስሙ። ፍየል ፍሬውን በልቶ ዘሩን በበጠጡ ይዘራል፣ እንዲያውም በሆዱ ያለፈ ዘር ፈጥኖ ይበቅላል።

ሁለተኛው ቅንጬ አረም ነው፤ በሐረርጌ ገበሬው «ፈረምሲሳ» የሚለው። አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ይጥላል። የሚነቀለው አፈሩ በክረምቱ ዝናብ እርጥብ ሳለና ነጩ አበባ ሳይወጣ ነው፤ ከበቀለ ከአንድ ወር በኋላ ማበብ ስለሚጀምር ጊዜው አጭር ነው። ካበበ በኋላ ነቅሎ መወርወር ዘር መዝራት ነው። ብናኙና ጭማቂው ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ያስጨንቃል፤ ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ለሁለቱም አረም ቢሆን እሳት መቃብር ውስጥ አይለኮስ። የድሬ ድንጋይ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ እብነ በረዱም ከአንድ ዘር ነው። እሳት ላዩን በድንገት አስፍቶ ቅርፊት እያደረገ ያነሳዋል፣ ፊደሉም ያለው ያ ቅርፊት ላይ ነው። የአረም መድኃኒትም ድንጋይ ውስጥ የሚገባ ጨው አለውና አንመክርም። ከቁጥቋጦ ሥር እጅ ከመግባቱ በፊት በረጅም እንጨት መነካካት ነው፤ ጊንጥና እባብ ጥላ ይወዳሉ።

ድንጋይ ማጠብ የሚባለው ሥራ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ያነሰ መሆንም አለበት። አስቀድሞ በጣት ጉልበት ቀስ ብሎ ይንኳኳ። የባዶ ቆርቆሮ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ ላዩ ከውስጡ ተለይቷል ማለት ነው፤ አይነካ። ሲዳሰስ እንደ ስኳር የሚረግፍ እብነ በረድም አይታጠብ፤ ፎቶው ይበቃዋል። ጤነኛው ድንጋይ በውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ከዚያ በለስላሳ የጭራ ወይም የላስቲክ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እየተሄደ ይታጠብ። ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው በደረቁ ክፍል ላይ ሲወርድ መስመር ይሠራል፣ መስመሩም አይለቅም። ድንጋዩ ላይ የበቀለና የደረቀ የድንጋይ ሽበት በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ይነሳ እንጂ በቢላ አይፋቅ። የሽቦ ብሩሽ ግቢው ውስጥ ጭራሽ አይግባ፤ ከጭረቱ በላይ የሚተወው የብረት ብናኝ በዓመቱ ዝጎ ድንጋዩን ቡናማ ያደርገዋል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ድንጋይ ይታጠባል።

በረኪና ለምን እንደማይሆን ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ነጭ ያደርጋልና። ነጭ ያደርጋል፣ ግን ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨዉ በሙቀት ሲደርቅ በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ያብጣል፣ ላዩን ከውስጥ ገፍቶ ያረግፈዋል። ይህ በሳምንት አይታይም፤ በሁለት ሦስት ዓመት ነው የሚታየው፣ ያኔ ያጠበው ሰው ምስጋናውን ወስዶ ሄዷል። ሎሚ፣ ኮምጣጤና አሲድ የባሱ ናቸው፤ እብነ በረድን ያቀልጡታል፣ አፍልቶ አረፋ የሚያወጣው ቆሻሻው ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙናም እንደዚሁ ጨው አለው። ስለ ውሃውም አንድ ነገር እንበል። የድሬ የጉድጓድ ውሃ ኖራ እንደሚበዛበት በማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት ይመሰክራል። በጠራራ ፀሐይ ቢታጠብ ያ ቅርፊት ድንጋዩ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ሥራው ከ1 እስከ 3 ሰዓት ድንጋዩ ሳይግል ይሁን፣ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ በበርሜል የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ቢሆን ይመረጣል።

የወደቀውን ማንሳት ከባዱ ክፍል ነው። 1 ሜትር ከ20 ቁመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ ወደ 155 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ጎረምሳ ያነሳዋል ብሎ መጀመር እግር ያሰብራል፤ ድንጋዩም መሐሉ ላይ ይሰበራል፣ ምክንያቱም ተኝቶ የኖረ ድንጋይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለው። አራት ሰው ያስፈልጋል። በድጅኖ ትንሽ ይነሳ፣ ከድጅኖውና ከድንጋዩ መካከል የጨርቅና የጣውላ ቁራጭ ይግባ፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ከሥሩ ጣውላ እየተደረደረ ይውጣ። እጅ ከሥሩ አይግባ።

ከማቆሙ በፊት ለምን እንደወደቀ ይጠየቅ። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ውሃ ስለሚቆም ነው፤ ያ ሳይስተካከል ቢቆም በሚቀጥለው ክረምት ይወድቃል። መደብ የሌለው ቀጭን ድንጋይ ከቁመቱ ሲሶው መሬት ውስጥ ይገባል፤ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 30ው ይቀበራል። ጉድጓዱ ከድንጋዩ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ይስፋ፣ ከሥር 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይደልደል፣ ድንጋዩ ገብቶ በውሃ ልክና በቱምቢ ይስተካከል፣ ከዚያ ጠጠርና አሸዋ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እየተደፋ በእንጨት ይጠቅጠቅ። ኮንክሪት አይፈሰስ። በኮንክሪት የታሰረ ድንጋይ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ መንቀሳቀስ ስለማይችል ልክ ከኮንክሪቱ ጠርዝ ላይ ይቆረጣል፣ ያን ጊዜ ማንም አይጠግነውም። ጉድጓዱ ከድንጋዩ እግር በላይ ጠልቆ አይቆፈር፤ አጥንት ከታየ ሥራው ወዲያው ቆሞ አፈሩ ይመለስ፣ የሚመለከተው የሃይማኖት አባትና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይጠራ። የተሰባበረ ድንጋይ ስብርባሪው በአንድ ቁጥር ተሰብስቦ፣ በጠጠር መደብ ላይ በመጠኑ አጋድሎ ይቀመጥ፤ በገበያ በሚገኝ ማጣበቂያ ከተለጠፈ በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ የሚተርፈው ጠርዝ የለም።

ለተናደው ግንብና ለመደቡ ማገጣጠሚያ ኖራ ነው የሚሆነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ባለባት ከተማ ሲሚንቶ አትጠቀሙ ማለት እንግዳ እንደሚመስል እናውቃለን። ነገር ግን ሲሚንቶ ከድሮው ድንጋይ ይጠነክራል፣ ውሃም አያስተነፍስም። ወደ ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ጨዉንም እዚያ ይጥላል። ድንጋዩ አልቆ ሲሚንቶው እንደ ጥልፍ ጎልቶ የቀረባቸው ግድግዳዎች በድሮው ከዚራ እየዞረ የሚያይ ሰው ያገኛቸዋል። በከረጢት የሚሸጠው የቤት ኖራ ይሆናል፤ ጠጠር የሆነ እብጠት ካለበት ግን አየር አግኝቶ ሞቷልና ይመለስ። ኖራው ከመቀላቀሉ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል አንድ ሳምንት በውሃ ተዘፍዝፎ እንደ ወፍራም እርጎ ይሁን። አንድ ባልዲ ኖራ ለሦስት ባልዲ አሸዋ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደለል ይበዛበታል፤ በጠርሙስ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አስገብቶ፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምሮ፣ በኃይል ነቅንቆ እስኪጠል ማስቀመጥ ነው። ከላይ የሚቀመጠው ደለል ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ፤ አለዚያ ኖራው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለፈተናው የዋለው ጨው ያለበት አሸዋ ይደፋ፣ ከሥራው አይቀላቀል።

በድሬ የኖራ ሥራ የሚበላሸው በመድረቅ ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ ብሎ ሲዋሃድ ነው፣ ለዚህም እርጥበት ይሻል። በአንድ ከሰዓት ከደረቀ በጥፍር የሚፋቅ ዱቄት ይሆናል። ድንጋዩ አስቀድሞ ይርጠብ፣ ማገጣጠሚያው ከተሞላ በኋላ በእርጥብ ኬሻ ይሸፈን፣ ኬሻው ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይርከፈከፍበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ሳይመደብ ኖራው ባይጀመር ይሻላል። ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የብረት መስቀልና አጥር የረገፈው ዝገት ብቻ ተነስቶ፣ ከድንጋዩ ራቅ ብሎ አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ የዘይት ቀለም አንድ ጊዜ ይቀባ። ድንጋይ ውስጥ የገባ ፌሮ ሲዝግ አብጦ ድንጋዩን ይሰነጥቃልና በአዲስ ፌሮ መጠገን ችግሩን መድገም ነው። ድንጋዩ ላይ የተለጠፉ የሟች የሸክላ ፎቶዎች በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረጉ።

ጎርፉን አንርሳ። በሐምሌ 1998 ደቻቱ ከ250 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ናት፤ ደለል ምን ማድረግ እንደሚችል ለማንም አናስተምርም። ዝቅ ባለው ወገን የጠፉ ድንጋዮች ብዙዎቹ አልተሰረቁም፤ ከአፈር በታች ናቸው። ጫፉ የደነዘዘ 8 ሚሊ ሜትር ብረት በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በእጅ ብቻ እየተገፋ ይፈለግ፤ መዶሻ አይነካው። ድንጋይ ሲያገኝ ብረቱ ይደውላል፣ ሥር ሲያገኝ ዝም ይላል። አፈሩ ሲነሳ ወለሉ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ወደ ውጭ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ፣ ከላይኛው ወገን ደግሞ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣ። ይህ ቦይ ከሌለ የተቀረው ሥራ ሁሉ ለአንድ ክረምት ነው።

ፈቃድን በተመለከተ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን ከሥራው በፊት ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። የከተማችን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ምዝገባውን ቢመራ፣ መሬቱን የያዙት ቤተ ክርስቲያናትና የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት በስማቸው ኃላፊነት ቢወስዱ፣ የሠፈሩ ዕድሮች ደግሞ በየተራ አንድ አንድ ማዕዘን ቢረከቡ መጠበቅ ይቻላል። ዕድር አካፋና ባሬላ አለው፤ ቀብርንም ያውቃል። መዝገቡ ሲያልቅ አንድ ቅጂ በቢሮው፣ አንድ በየቤተ እምነቱ፣ አንድ ደግሞ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ከአቴንስ ወይም ከማርሴይ አያቱን ፈልጎ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀው መዝገቡን ነው።

ለመጀመሪያው ቅዳሜ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦ 12 ሰው፣ ሁለት ባለ 30 ሜትር ሜትር፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ 60 ችካል፣ የቆርቆሮ ቁጥሮች፣ ሁለት መስታወት፣ ስልክ ያላቸው ሦስት ፎቶ አንሺዎች፣ እርሳስና ወረቀት፣ የመጠጥ ውሃ። ገጀራ፣ ብሩሽና ኖራ በዚያ ቀን ወደ ግቢው አይግቡ። ክረምቱ ሳይመጣ ቆጠራው ካለቀ፣ ቅንጬ አረሙን በነሐሴ ለመንቀል እንደርሳለን፤ የኖራውን ሥራ ደግሞ ሙቀቱ ሲበርድ በኅዳርና በታኅሣሥ።

በግንብና በድንጋይ ጠረባ ሥራ የተሰማራን የድሬዳዋ ነዋሪዎች